ፒክአፓችሁ ላይ የቱርቦና የሞተር ጌጅ ማስገጠም፦ ከጅማ እስከ ቦንጋ ለምትነዱ

ከሸቤ ወርዳችሁ ጎጀብን ተሻግራችኋል። አሁን ወደ ቦንጋ የሚወስደው አቀበት ላይ ናችሁ። ከኋላ ሙሉ ጭነት አለ፣ ማርሹ ሁለተኛ ነው፣ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሙቀት ቀስት መሀል ላይ ቁጭ ብላለች። ትንሽ ቆይታ ድንገት ትነሳና ቀዩን ትነካለች፣ ከኮፈኖው ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ መኪናው ዳር ይይዛል። ሜካኒክ ይመጣና "ቴስታታው ሄዷል" ይላል። ሹፌሩ ይምላል ይገዘታል፦ "ጌጁ እኮ ደህና ነበር!"

እውነቱን ነው። ጌጁ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና ይል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ፒክአፖች ላይ ከፋብሪካ የመጣው የሙቀት ጌጅ እያንዳንዱን ዲግሪ አያሳይም። ውሃው 80 ዲግሪም ይሁን 100 አካባቢ፣ ቀስቷ እዚያው መሀል እንድትቆም ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ባለመኪናው በየአቀበቱ እንዳይደነግጥ። የዘይት ነገር ደግሞ አንዲት ቀይ መብራት ናት፤ እሷም የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለ ቱርቦው ግፊትና ስለ ጭሱ ሙቀት ዳሽቦርዱ ጭራሽ ምንም አይልም።

ስለዚህ ተጨማሪ ጌጅ ማስገጠም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጌጥ ብቻ አይደለም (ሰማያዊ መብራቱ ማማሩ ባይካድም)። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ መድረስ ስላለበት፣ በሊሙ፣ በጎማና በጌራ መንገዶች ላይ ፒክአፕ እስከ ማታ ጭኖ ሲመላለስ፣ የሞተር ብልሽት ማለት የመኪናው ጥገና ብቻ አይደለም፤ ጭነቱም አብሮ ይበላሻል። ከዚህ በተጨማሪ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ካለ ወዲህ፣ ያለችንን የናፍጣ መኪና ጠብቆ ማቆየት የሚሻል ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን መኪናችሁ ቱርቦ አለው ወይ? ባለ 3ኤልና ባለ 5ኤል ሞተሩ የድሮ ሃይሉክስ ቱርቦ የለውም፤ ለእሱ የውሃና የዘይት ጌጅ ይበቃዋል። ቪጎ ዲ4ዲ ባለ 2.5 (2ኬዲ) እና ባለ 3.0 (1ኬዲ)፣ ሬቮ ባለ 2.4 እና ባለ 2.8፣ አይሱዙ ዲማክስ ባለ 4ጄጄ1 ሞተር፣ እነዚህ ሁሉ ቱርቦ ዲዝል ናቸው።

የእኛ ከፍታ ሂሳቡን ይቀይረዋል

ዩቲዩብ ላይ የአውስትራሊያ ልጆች የሚሉትን ቁጥር ቀጥታ ወስዳችሁ እዚህ ብታመጡት ትሳሳታላችሁ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ሲሆን ጅማ ላይ ግን 0.82 ባር አካባቢ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስስ ነው ማለት ነው። ቱርቦው ያንኑ ያህል አየር ለመጭመቅ የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ ሲደክምም የጭሱ ሙቀት ይጨምራል።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። ጅማ ላይ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ባለ 0.9 ባር ደህና ክዳን ካለ መፍያው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የክዳኑ ጎማ ካረጀና ግፊት ካልያዘ ግን 95 ላይ መፍላት ይጀምራል፤ የፋብሪካዋ ቀስት በዚያ ሙቀት ገና መሀል ናት! ጌጅ ከመግዛታችሁ በፊት የራዲያተር ክዳን ቀይሩ የምለው ለዚህ ነው። በጣም ርካሹ ጥገና እሱ ነው።

የቱን ልግዛ?

ገንዘባችሁ ለአንድ ጌጅ ብቻ ከሆነ የውሃ ሙቀት ግዙ። ሰው የሚሮጠው ወደ ቱርቦ ጌጅ ነው፣ ምክንያቱም ቀስቷ ስትዘል ታስደስታለች። ሞተር የሚያድነው ግን ትክክለኛ ዲግሪ የሚያሳይና ሲያልፍ የሚጮኽ የውሃ ጌጅ ነው። አብዛኛው ሞተር ሲሞቅ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራል። ጩኸቱን 103 ወይም 105 ላይ ብታደርጉት ለመቆም ጊዜ ታገኛላችሁ።

ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው ላይኛው የራዲያተር ቱቦ መሀል ላይ በሚቆረጥ የአሉሚኒየም ማገናኛ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ማገናኛው በሁለቱም በኩል ጎማ ስለያዘው ከሞተሩ ብረት ጋር አይነካካም። ሴንሰሩ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ማገናኛው ላይ የኔጌቲቭ ሽቦ ማሰር ግድ ነው፣ ያለዚያ አይሠራም ወይም የተሳሳተ ያነባል። ሁለተኛ፣ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራልና ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ ቀዝቃዛ ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ቴስታታው ላይ በቡሎን የሚታሰር የብረት ሙቀት ሴንሰር ነው፤ ውሃ ኖረም አልኖረም የብረቱን ሙቀት ያነባል። አቀበት ላይ ጌጁ በድንገት ከወረደ ደስ አይበላችሁ፣ ቁሙ።

ቀጥሎ የጭስ ሙቀት ጌጅ፣ ኢጂቲ የሚሉት። ናፍጣ ሞተር ላይ ጭነትና አቀበት ሲገናኙ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። ውሃው ለመሞቅ ደቂቃዎች ሲፈልግ ጭሱ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል። ሴንሰሩ ከቱርቦው በፊት ከተተከለ ብዙ ሰው እንደ ገደብ የሚይዘው 700 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለአፍታ ቢያልፍ ችግር የለውም፣ ረጅም አቀበት ላይ እዚያ መቆየት ግን ፒስቶንና ቱርቦ ይበላል። ከቱርቦው በኋላ ከተተከለ በጭነት ጊዜ 100 ወይም 200 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ያነባል፣ ገደቡንም በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ አለባችሁ።

ከቱርቦ በፊት መትከል ይሻላል፣ ግን ማኒፎልዱን መብሳት ይጠይቃል። "ሳላወርድ እበሳዋለሁ፣ ብናኙን ማግኔት ይይዘዋል" የሚል ሜካኒክ ይገጥማችኋል። የቱርቦው ፋን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ አንዲት የብረት ብናኝ ምን እንደምታደርገው አስቡት። ማኒፎልዱ ወርዶ፣ ተበስቶ፣ ተጠርጎ ይመለስ። የሴንሰሩን ሽቦ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሽቦ ቆርጣችሁ በመዳብ አታስረዝሙ። ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል ሁለት የተለያየ ብረት ነው፣ ማስረዘሚያውም ያው ዓይነት ካልሆነ ዲግሪው ይዛባል።

የቱርቦ ግፊት ጌጅ ሦስተኛ ነው። ለናፍጣ ከ0 እስከ 2 ባር ወይም ከ0 እስከ 30 ፒኤስአይ የሚያሳይ ይበቃል፤ ግማሹ ፊት ለቫኪዩም የሆነው ለቤንዚን መኪና ነው። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ብዙ ያልተነካካ ፒክአፕ ሙሉ ሲረገጥ ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለው ውስጥ ያሳያል፤ ዋናው ግን የእናንተ መኪና ደህና ሆኖ ሳለ ስንት ያሳያል የሚለው ነው። አገጣጠሙ ቀላል ነው፦ ከማኒፎልድ ወደ ግፊት ሴንሰሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ላይ ቲ ቅርጽ ያለው ማገናኛ ይገባል። በአንዳንድ መኪና ላይ ቱርቦውን የሚያዘው የቫኪዩም ቱቦ እሷን ይመስላልና እንዳትሳሳቱ። ቲው ካልጠበቀ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ግፊት ያነብና መኪናው ይደክማል፤ ከዚያ ጌጅ አስገጥሜ መኪናዬ ተበላሸ ይባላል።

የዘይት ግፊት ጌጅ ላይ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ጥርሱን እዩ። የጃፓን ሞተሮች ላይ የዘይት ሴንሰሩ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ባለ 28 ጥርስ የእንግሊዝ መለኪያ ሲሆን ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ጌጆች የሚመጡት ባለ 27 ጥርስ የአሜሪካ መለኪያ ሆነው ነው። መጀመሪያ ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፣ የገጠመ ይመስላል፣ ከዚያ በቁልፍ ሲጠብቅ ጥርሱን ይበላል ወይም ዘይት ያፈስሳል። መቀየሪያ ማገናኛ አለ፣ አብራችሁ ግዙ።

ስልካችሁስ?

ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህን መሰለኝ። አዎ፣ ምንም ሳይበሳ መጀመር ይቻላል። ኢኤልኤም 327 የምትባለዋን ትንሽ ብሉቱዝ መሣሪያ ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት ሰክታችሁ፣ ቶርክ ወይም ካር ስካነር አፕ ላይ የውሃ ሙቀት፣ የማኒፎልድ ግፊት፣ የሚገባው አየር ሙቀትና የባትሪ ቮልት ማየት ትችላላችሁ። ተራው ብሉቱዝ ከአይፎን ጋር አይሠራም፤ ለአይፎን ባለ ዋይፋይ ወይም ባለ ብሉቱዝ ኤልኢ ያስፈልጋል። ገበያው ላይ ግማሹን ትእዛዝ የማይረዱ ኮፒዎች ስለሞሉ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሶኬቱ ያለው መኪና ሁሉ ደግሞ ሁሉንም ቁጥር አይሰጥም፤ በተለይ የቆዩ ቪጎዎች ላይ። የጭስ ሙቀትና የዘይት ግፊት ከአብዛኞቹ አይገኝም፣ ለእነሱ ጌጅ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አፑ የሚያሳየው የማኒፎልድ ግፊት ጠቅላላ ነው፣ የውጭው አየር ተደምሮበት። አቀበት ላይ 210 ኪሎ ፓስካል ቢያሳይ፣ ጅማ ላይ 82 ቀንሱ፤ 128 ይቀራል፣ ማለትም 1.28 ባር። አንዳንድ አፕ ግን ባሕር ዳርቻ ያለን መስሎት 101 ቀንሶ 1.09 ይላችኋል። "ቱርቦዬ ደከመ" ብላችሁ ሶማሌ ተራ ድረስ ሌላ ቱርቦ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን ሂሳብ ሥሩ።

ሽቦው

እውነት ለመናገር ብዙ ጌጅ የሚበላሸው በሽቦ ነው። ኃይሉን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር ውሰዱ፣ ከ3 እስከ 5 አምፒር የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ኔጌቲቩ ቀለም የሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር። ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና ሽቦ ሲገባ በጎማ ቀለበት ይለፍ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ በአጋሮ ኮረኮንች ሲፈተግ ከርሞ ሽቦውን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ እሳት ነው። ቢጫ ሽቦና ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፣ ማንም አይንካው። የመስታወቱ ዳር ምሰሶ ላይ ኤስአርኤስ የሚል ጽሑፍ ካለ እዚያ ጌጅ አትትከሉ፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ጌጁን ፊታችሁ ላይ ነው የሚወረውረው።

ከተገጠመ በኋላ

ጌጆቹ የሚጠቅሙት ለብቻ ሳይሆን አብረው ሲነበቡ ነው። የቱርቦ ግፊት ከልማዱ ወርዶ፣ ጥቁር ጭስ መጥቶ፣ የጭስ ሙቀት ከወጣ፣ አየር ጎድሏል ማለት ነው፦ የኢንተርኩለር ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይ ደግሞ የቱርቦው ክንፎች በጥላሸት ተይዘዋል። በበጋ የእኛ ቀይ አቧራ የአየር ፊልትሮውን ሲደፍነውም እንደዚሁ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ። ግፊትም የጭስ ሙቀትም አብረው ዝቅ ብለው መኪናው ከደከመ ደግሞ የናፍጣ ፊልትሮውን ጠርጥሩ። ሁሉም ልክ ሆኖ ውሃው ብቻ ከወጣ፦ ራዲያተር፣ ፋን፣ ቴርሞስታት።

አቀበት ላይ ቁጥሩ ሲወጣ አንድ ማርሽ ቀንሱና እግራችሁን ላላ አድርጉ። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር አየርም ውሃም ይበዛለታል፣ ጭሱ በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል። በከባድ ማርሽ ሙሉ ረግጦ መጎተት ነው ገዳዩ።

ከጊቤ በረሃ ወጥታችሁ አበልቲ ላይ ሻይ ልትጠጡ ስትቆሙም ቁልፉን ወዲያው አታጥፉ። የጭስ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አስነስታችሁ ጠብቁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። የጋለ ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ይቃጠላል።

መኪናው ደህና ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ የቱ አቀበት፣ ስንት ኩንታል፣ ስንተኛ ማርሽ፣ ውሃ ስንት፣ ግፊት ስንት። ስትነዱ ሳይሆን ቆማችሁ። በሚቀጥለው ወር እዚያው አቀበት ላይ በዚያው ጭነት ቁጥሩ ከተለወጠ ወደ ጋራዥ የምትሄዱት በእግሩ በሚሄድ መኪና ነው።