አሮጌ መድኃኒት፣ አዲስ ሥራ

በመድኃኒት ቤት ስሠራ ከማልረሳቸው ደንበኞች መካከል፣ በስኳር ሕመም ሳቢያ ማታ ማታ እግራቸውን እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሐኪማቸው አሚትሪፕቲሊን አዘዘላቸው። ልጃቸው ማታ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቦ ለድብርት የሚሰጥ ኪኒን መሆኑን ስለነገራቸው በማግስቱ ይዘውት ተመለሱ። «እኔን ያመመኝ እግሬን እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም!» አሉኝ በቁጣ።

ሐኪሙ አልተሳሳተም። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተፈቀደው ለድብርት ቢሆንም፣ በአነስተኛ መጠን ሲወሰድ ከነርቭ ጉዳት የሚመጣን ሕመም ያስታግሳል። ጥፋቱ አስቀድሜ ያላስረዳኋቸው የእኔ ነበር።

ለመሆኑ ለአንዱ በሽታ የተፈቀደ መድኃኒት እንዴት ለሌላው ይሆናል? አንድ መድኃኒት በሰውነታችን ውስጥ የሚነካው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ ነው። አዲስ መድኃኒት ከቤተ ሙከራ ተነስቶ በሽተኛው እጅ እስኪገባ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የነባሩ ጠባይ ግን በከፊል ስለሚታወቅ መንገዱ ያጥራል።

እኔን ዘወትር የሚያስገርመኝ የታሊዶማይድ ታሪክ ነው። በ1957 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። ነፍሰ ጡሮች ወስደውት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ በመወለዳቸው በ1961 ከገበያ ታገደ። በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዶክተር ጃኮብ ሼስኪን፣ የሥጋ ደዌ ያስከተለው ሥቃይ እንቅልፍ ለነሳው ሕመምተኛ ያንኑ ኪኒን ሰጡት። ሰውየው ተኛ፤ ያልተጠበቀው ግን በቆዳው ላይ የወጣው እብጠትም መሻሻሉ ነው። አሜሪካ መድኃኒቱን በ1998 ለዚሁ ችግር፣ በ2006 ደግሞ መልቲፕል ማየሎማ ለተባለው የካንሰር ዓይነት ፈቀደች። ነፍሰ ጡር ግን ዛሬም ልትወስደው አይገባም። አዲስ ሥራ ማግኘት የድሮውን ጠባይ አያስለውጥም።

በ2020 የኮቪድ ሕክምና ሲታጣ ዓለም ፊቱን ወደ ነባር መድኃኒቶች አዞረ። ብዙ የተወራለት የወባው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በትልልቅ ሙከራዎች ሲፈተሽ አልረዳም። ርካሹ ዴክሳሜታዞን ግን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተመራው ጥናት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን በማያስፈልጋቸው ላይ ግን ጥቅም አልታየበትም። ጎረቤትን አድኗል ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ መድኃኒት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ሌላው እንቅፋት ገንዘብ ነው። የፈጠራ መብቱ ያለፈበት ርካሽ ኪኒን ትርፍ ስለማያመጣ፣ ለአዲስ ሙከራ ወጪ የሚያወጣ ኩባንያ ማግኘት ይከብዳል። የኦክስፎርዱ ጥናትም በአብዛኛው የተካሄደው በሕዝብ ገንዘብ ነው።

እኒያ እናት ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ኪኒኑን መልሰው ወሰዱ። ከሳምንታት በኋላ መጥተው አፋቸውን እንደሚያደርቃቸው ነገሩኝ፤ ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። እግራቸውስ? ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱማ ተኛልኝ» አሉኝ።