ሮሙሎ ኤስፓልዶንና የሱሉ ባሕር ጦርነት

ሪር አድሚራል ሮሙሎ ኤስፓልዶን በ1970ዎቹ የፊሊፒንስን የደቡብ ጦር የመሩ፣ የታዊ-ታዊ ክፍለ ሀገር የመጀመሪያው አገረ ገዥ የነበሩ፣ ኋላም የሙስሊሞች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስማቸው የሚነሣው ድል ባደረጉበት ውጊያ አይደለም። የሚታወቁት የሙስሊም አማፅያንን አዛዦች አንድ በአንድ እያነጋገሩ ከነታጣቂዎቻቸው ወደ ቤታቸው በመመለስ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ከእግረኛ ጦር ጄኔራል ይልቅ የመርከብ ሰው ለምን እንደጀመረው የሚነግረን የአገሩ አቀማመጥ ነው።

የሱሉ ደሴቶች ከሚንዳናዎ ደሴት ጫፍ፣ ከዛምቦአንጋ ከተማ ተነሥተው እስከ ቦርኒዮ ደሴት ድረስ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ ናቸው። ከታዊ-ታዊ ዳርቻ የማሌዥያ ግዛት የሆነችው ሳባህ ከማኒላ እጅግ ትቀርባለች። በደሴቶቹ ላይ ታውሱግና ሳማ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ከሳማዎቹ ወገን በእንጨት ምሰሶ ላይ በውኃ መካከል ቤት የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸውን በጀልባ የሚገፉም አሉ። እስልምና ወደዚህ የገባው በነጋዴዎችና በሰባኪዎች ነው፤ በሲሙኑል ደሴት ያለው የሼክ ከሪሙል መኽዱም መስጊድ በ1380 እንደተሠራ በትውፊት ይነገራል። በ15ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተው የሱሉ ሱልጣኔት ከቻይናና ከቦርኒዮ ጋር ይነግድ ነበር። ስፔናውያን በ1635 ዛምቦአንጋ ላይ ምሽግ ቢሠሩም ደሴቶቹን ሙሉ በሙሉ ለመግዛት አልቻሉም። ሕዝቡንም በአገራቸው በሚያውቋቸው ሙስሊሞች ስም «ሞሮ» አሉት። ከስፔናውያን በኋላ አገሪቱን የያዙት አሜሪካኖች በ1906 በቡድ ዳጆ ተራራ አናት ላይ የመሸጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ፈጅተዋል። ይህ ትዝታ በሱሉ ቤቶች ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

አገሪቱ በ1946 ነፃ ከወጣች በኋላ ችግሩ መልኩን ለወጠ። መንግሥት ከሰሜን የሚመጡ ክርስቲያን ሰፋሪዎችን በሚንዳናዎ ሲያሰፍር፣ ሙስሊሞቹ በአባቶቻቸው መሬት ላይ ጥቂት ሆነው ቀሩ። የመሬት ጠቡ ወደ ደም ተሸጋገረ፤ በሰኔ 1971 ማኒሊ በምትባል መንደር ሰዎች በመስጊድ ውስጥ ተገደሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመጋቢት 1968 በኮሬጊዶር ደሴት የደረሰው ነገር ደግሞ ወጣቱን ትውልድ ከመንግሥት ለይቶታል። ወደ ሳባህ ሰርገው እንዲገቡ ከሱሉና ከታዊ-ታዊ ተመልምለው በምስጢር ይሠለጥኑ የነበሩ ሙስሊም ወጣቶች በገዛ አሠልጣኞቻቸው ተረሸኑ፤ ያመለጠ አንድ ምልምል ነገሩን ለአደባባይ አበቃው። በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የታውሱግ ተወላጅ ኑር ሚስዋሪ የሞሮ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባርን ያደራጁት በዚህ ቁጣ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ስድብ የነበረው «ሞሮ» የሚለው ስም ያን ጊዜ የኩራት ስም ሆነ።

ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ በመስከረም 1972 አገሪቱን በወታደራዊ ሕግ ሥር አድርገው ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ አዘዙ። በሞሮዎች ዘንድ ጠመንጃ የወንድነት ማዕረግና የቤተሰብ ዋስትና ነው። ማስረከብ ማለት ለሰፋሪውም ለወታደሩም ባዶ እጅ መቅረት ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1972 ማራዊ ከተማ ላይ ዐመፅ ፈነዳ፤ እሳቱም ወደ ኮታባቶና ወደ ሱሉ ተዛመተ። ከሁሉ የከፋው በየካቲት 1974 መጀመሪያ ሆሎ ላይ የሆነው ነው። ግንባሩ ከተማዋን ሲይዝ ጦሩ ከባሕርና ከአየር ደበደባት፤ የሱሉ ዋና ከተማ በእሳት ወደመች፤ የተረፈው ሕዝብ ወደ ዛምቦአንጋና ወደ ሳባህ ተሰደደ። በዐሥር ዓመቱ ውስጥ ያለቀው ሰው በብዙዎች ግምት ከ50,000 አያንስም።

ለኤስፓልዶንና ለባሕር ኃይሉ ከባዱ ፈተና ባሕሩ ራሱ ነበር። ለግንባሩ ከሊቢያ የሚላከው መሣሪያ በሳባህ በኩል በጀልባ ይገባ ነበር። ጀልባው ደግሞ ዓሣ አጥማጁም፣ ነጋዴውም፣ ተዋጊውም የሚሳፈርበት ያው ኩምፒት የሚባለው ወፍራም የእንጨት ጀልባ ነበር። ጥቂት የጥበቃ መርከቦች ይህን ሁሉ ባሕር ሊዘጉት አይችሉም፤ እንዝጋው ቢሉም የሚራበው መጀመሪያ ዓሣ አጥማጁ ነው። የደሴቶቹ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ ኮኮናት፣ ወደ ቦርኒዮ ወስዶ ጨርቅና ሸቀጥ ሲያመጣ ኖሯል። ድንበር ከተሰመረ ወዲህ ግን ይኸው ንግድ ኮንትሮባንድ ተባለ፤ ነጋዴውም ወንጀለኛ ሆነ። ከሆሎ ውድመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 1973 የወጣው 93ኛው ፕሬዚዳንታዊ ድንጋጌ በሱሉ የዕቃ በዕቃ ልውውጡን ሕጋዊ አደረገው። ቁጥጥሩም በደቡብ ምዕራብ ላለው ወታደራዊ ዕዝ ተሰጠ። ከጦርነቱ ዘመን እርምጃዎች ሁሉ ከተራው ሰው ኑሮ ጋር ይበልጥ የተጣጣመው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጀልባውን ከማሳደድ ይልቅ የሚጭነውን እንዲቀይር ዕድል ሰጠው፤ የዛምቦአንጋ የልውውጥ ገበያም ደራ።

በዚያው ዓመት በመስከረም ታዊ-ታዊ ከሱሉ ተለይታ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ሆነች፤ ኤስፓልዶንም አገረ ገዥነቱ ተሰጣቸው። መኮንን አገረ ገዥ ሲሆን የወታደራዊ ሕጉ ዘመን መልክ ይታይበታል፤ ሕዝቡ የመረጠው ሰው አልነበረም። ሆኖም ታዊ-ታዊ ከሆሎ ጋር ሲነጻጸር ከከባዱ ውጊያ ተርፋለች። የባሕር አረም እርሻም በደቡብ ፊሊፒንስ ውኃ ላይ የተስፋፋው በዚያ ዐሥር ዓመት ነው። ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ በተዘረጋ ገመድ የሚተከለው ይህ ሰብል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሰበሰባል፤ መሬት ለሌለው የሳማ ቤተሰብም የገንዘብ ምንጭ ሆኖለታል።

ኤስፓልዶን ኋላ መቀመጫው ዛምቦአንጋ የሆነውን የደቡብ ዕዝ ሲመሩ፣ የሰላሙ ጥረት በሁለት መንገድ ይሄድ ነበር። አንደኛው የዲፕሎማሲው ነው። የነዳጅ ዘይት ጉዳይ ያሳሰባቸው ማርኮስ በእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ግፊት ከግንባሩ ጋር ተደራደሩ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1976 በሊቢያዋ ትሪፖሊ 13 ክፍለ ሀገራትንና 9 ከተሞችን የሚያቅፍ ራስ ገዝ አስተዳደር ለማቋቋም ስምምነት ተፈረመ። በጥር ወር ተኩስ ቆመ። ማርኮስ ግን በሚያዝያ 1977 ጉዳዩን በራሳቸው አቀራረብ ለሕዝበ ውሳኔ ስላቀረቡት ግንባሩ ተከዳሁ አለ፤ ውጊያውም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ሁለተኛው መንገድ የኤስፓልዶን ስም የሚታወቅበት ነው፤ ማግባባት። መልእክተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአማፂው ዘመድ ወይም የመንደሩ ሽማግሌ ነበር። እጁን ለሰጠ አዛዥ ምሕረት፣ የሥራ መነሻ ብድር፣ አንዳንዴም ደን የመቁረጥ ፈቃድ ወይም የመንግሥት ሹመት ይሰጠው ነበር። ተከታዮቹም በመንደር ጥበቃ ኃይል ውስጥ ይታቀፉ ነበር። ተዋጊው የተሸነፈ ምርኮኛ ሳይባል፣ ወደ ወገኑ እንደተመለሰ ሰው በሥነ ሥርዓት ይቀበሉት ነበር፤ ክብር ከሕይወት በሚበልጥበት ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግንባሩ ምክትል ሊቀ መንበር አቡል ኻይር አሎንቶ በ1978፣ የኮታባቶው አዛዥ አሜሊል ማላጊዮክም በ1980 ወደ መንግሥት ወገን ገቡ። መንግሥት የተመላሾቹን ቁጥር በዐሥር ሺዎች ይቆጥር ነበር።

መንገዱ ዋጋም አስከፍሏል። ጥቅምት 10 ቀን 1977 ብርጋዴር ጄኔራል ቴኦዱልፎ ባውቲስታ ኡስማን ሳሊ ከሚባል አዛዥ ጋር ለመነጋገር በሱሉ ወደምትገኘው ፓቲኩል ሄዱ። ተጠራጥረው ላለመታየት ጠንካራ አጀብ አልያዙም። እርሳቸውና 34 ሰዎቻቸው እዚያው ገበያው ላይ ተገደሉ። የጦሩ የበቀል ዘመቻ ደሴቲቱን እንደገና አናወጣት፤ የማግባባቱን ፖሊሲ የሚቃወሙ መኮንኖችም ማስረጃ አገኘን አሉ። ያም ሆኖ ፖሊሲው አልቆመም።

በዚህ ፖሊሲ ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ትችት ሌላ ነው። ግንባሩ ያነሣው የመሬት፣ የራስ አስተዳደርና የማንነት ጥያቄ ነበር፤ ማግባባቱ ግን መልስ የሰጠው ለአዛዦቹ እንጂ ለጥያቄው አልነበረም። የደን ፈቃድ ያገኘው አዛዥ ሲከብር፣ ጫካው አልቆበት መሬቱ የተራቆተው ገበሬ እዚያው ቀረ። ትችቱ ትክክል ነው። ያን ጊዜ ወደ ቤታቸው በሕይወት የተመለሱት ሰዎች ቁጥር ግን ከሚዛኑ አይወጣም።

በ1981 የሙስሊሞች ጉዳይ ሚኒስቴር ሲቋቋም ኤስፓልዶን መሩት፤ በኋላም በሳዑዲ ዓረቢያ የአገራቸው አምባሳደር ሆኑ። የትሪፖሊው ስምምነት አፈጻጸም በሚስዋሪና በፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ መንግሥት መካከል በመስከረም 2 ቀን 1996 በተፈረመው የመጨረሻ ስምምነት እንደገና ተነሣ። ከግንባሩ ተገንጥሎ የወጣው በሃሺም ሰላማት የተመሠረተው የሞሮ እስላማዊ ነፃ አውጪ ግንባርም በመጋቢት 27 ቀን 2014 ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ። በዚያ ዕለት የአገሪቱ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ኢማኑኤል ባውቲስታ፣ ፓቲኩል ገበያ ላይ የተገደሉት ጄኔራል ልጅ ናቸው። በስምምነቱ መሠረት በ2019 ባንግሳሞሮ የተባለው ራስ ገዝ ክልል ተቋቋመ። የሱሉ ሕዝብ በድምፁ ስላልተቀበለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሱሉን ከክልሉ አወጣት፤ ታዊ-ታዊ ግን በውስጡ ቀርታለች።