የሄይቲ የነፃነት ሾርባ

በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሄይቲ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ማለዳ በየቤቱ የሚቀርበው ምግብ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሱፕ ጁሙ» የተባለው የዱባ ሾርባ ነው። የበሬው ሥጋ በሎሚና በቅመማ ቅመም ተለውሶ ያድራል። ዱባው ተቀቅሎ ከላመ በኋላ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ፓስታና የሚያቃጥል ቃሪያ ይጨመርበታል። ልጆች አትክልት ይልጣሉ፤ እናቶች ድስቱን ይቆጣጠራሉ፤ ለጎረቤትና ለችግረኛም ይታደላል።

ሾርባው ይህን ክብር ያገኘው ከጣዕሙ ይልቅ በታሪኩ ነው። አገሪቱ ሳን ዶሚንግ ተብላ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ በ1789 ገደማ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በባርነት ተይዘው ለአውሮፓ ገበያ ስኳርና ቡና ያመርቱ ነበር። ጥንተ መገኛው ኢትዮጵያ የሆነው ቡና ሳይቀር በባሪያ ላብ ይለቀም ነበር ማለት ነው። ሾርባውን የሚያበስሉት እነርሱ ሲሆኑ፣ የሚበሉት ጌቶቻቸው ነበሩ። የአገሩ ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ ያበሰለው ሰው እንዳይቀምሰው ክልክል ነበር።

በኦገስት 1791 የተቀጣጠለው ዐመፅ ከአሥር ዓመታት በላይ ከዘለቀ በኋላ፣ የናፖሊዮን ጦር ኖቬምበር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር ላይ ድል ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ዣን ዣክ ዴሳሊን በጎናይቭ ከተማ ነፃነትን ዐወጀ። ያን ዕለት ሕዝቡ የተከለከለውን ሾርባ በአደባባይ እንደበላ፣ የዴሳሊን ባለቤት ማሪ ክሌርም እንዳስታደለችው ይተረካል።

ድስቱ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ዱባውን በመጀመሪያ ያለሙት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ጥቅል ጎመኑና ፓስታው ከአውሮፓ መጡ፤ «ጁሙ» የሚለው ስም «ዢሮሞን» ከተባለው የፈረንሳይኛ የዱባ ስም የተገኘ ነው። እነዚህን ሁሉ አዋሕዶ ያበሰለው ግን የአፍሪካውያን እጅ ነበር።

ነፃነቱ ያለ ዋጋ አልቀረም። በ1825 ፈረንሳይ በጦር መርከቦች አስፈራርታ፣ ለቀድሞዎቹ ባለ ርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ እንዲከፈል አስገደደች። በ1838 ካሣው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ለክፍያው ሲባል የተገባው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። ለነፃነቱ ካሣ የከፈለው ነፃ የወጣው ባሪያ እንጂ ባሪያ አሳዳሪው አልነበረም።

በ2021 ዩኔስኮ ሾርባውን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው፤ ለሄይቲም የመጀመሪያዋ ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩን ለትውልድ ያቆየው በመዝገብ መስፈሩ ሳይሆን፣ በደስታውም በችግሩም ዘመን ድስቱን መጣድ ያልተወ ቤተ ሰብ ነው።