የሶቅራጥስ ድምፅ

አንዳንድ ተጫዋቾችን በጎሎቻቸው አስታውሳለሁ፤ ብራዚላዊውን ሶቅራጥስን ግን በቃሉ። ንባብ ወዳዱ አባቱ በግሪካዊው ፈላስፋ ስም ጠራው፤ እርሱም ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ሀገሩን በአምበልነት መራ።

ብራዚል በወታደሮች መዳፍ ሥር ሳለች፣ በክለቡ በኮሪንቲያንስ ከተጫዋች እስከ ተራ ሠራተኛ ሁሉም በእኩል ድምፅ ይወስን ነበር። በ1984 በአደባባይ ቃል ገባ፤ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ እንዲመርጥ የሚፈቅደው ማሻሻያ ከጸደቀ ወደ ጣሊያን አይሄድም። ማሻሻያው 22 ድምፅ ጎደለውና ወደቀ፤ እርሱም ወደ ፊዮሬንቲና ተጓዘ።

የጎደለው ድምፅ በ1989 ሞላ፤ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን መረጠ። ሶቅራጥስም በ2011፣ ኮሪንቲያንስ የሀገሪቱ ሻምፒዮን በሆነበት ዕለት አረፈ። እኔም እላለሁ፦ ሽንፈት ሁሉ መጨረሻ አይደለም።