«ይነዝረኛል»

ስሙኝማ። ያኔ አዲስ አበባ፣ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የጥገና ክፍል ረዳት ነበርኩ። ቀን የቢሮ ሰው ይርመሰመሳል፤ ማታ የፅዳት ሠራተኞች ይገባሉ፣ ኮሪደሩ በሳሙና ውሃ ይርሳል፣ ያ ክብ ብሩሽ ያለው የወለል ማጠቢያ ማሽንም ማጓራት ይጀምራል።

አንድ ማታ ማሽኑን የሚነዱት እትዬ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ይኼ ማሽን ይነዝረኛል» አሉኝ። ካጠፉት በኋላም እጀታውን ሲይዙት እንደሚነዝራቸው ነገሩኝ። ለአለቃቸው አመልክተው ኖሮ «የፕላስቲክ ጫማ ያድርጉ» ተብለዋል። አደረጉ፤ ንዝረቱም ቀነሰ፤ በቃ፣ ነገሩ እንዳለቀ ተቆጠረ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ንዝረቱ ቀነሰ እንጂ ኮረንቲው ከእጀታው ላይ አልወረደም። ጫማው ውሃ እስኪያስገባ፣ ወይም እትዬ በሌላው እጃቸው የውሃ ቧንቧ እስኪነኩ ነበር የሚጠብቀው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ዋናው ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ወደ ማሽኑ ዝር አላሉም። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረዱ፣ ከዚያ ፕላጉን ከግድግዳው ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይኼ እጅህ ላይ እስካለ ድረስ ማንም አይሰካውም። እንዳትለቀው» አሉኝ።

ያኔ ነው ፕላጉን ልብ ብዬ ያየሁት። ሁለት ቀጫጭን እግር፣ ሌላ ምንም። የግድግዳው ሶኬት ግን ከሁለቱ ቀዳዳ ሌላ ጠርዙ ላይ ሁለት የብረት ምላስ ነበረው፤ ግራውንዱ የሚገናኘው በእነሱ ነው። ይህ ፕላግ እነሱን የሚነካበት ብረት የለውም። በካቻቢቴ ስፈታው አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከአንገቱ ተቆርጦ፣ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የድሮው ሲቃጠል አንዱ ርካሹን ገዝቶ ገጥሞታል። ማሽኑ ስለዞረለት «ይህ ሽቦ የት ይግባ?» ብሎ የጠየቀ የለም። እውነት ነው፣ ማሽን ያለ ግራውንድ ይዞራል። የዚያ ሽቦ ሥራ ሌላ ነው፤ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ሲሾልክ መሄጃ ይሰጠዋል። ሽቦው ሲቆረጥ መሄጃው እትዬ ሆኑ።

ትክክለኛውን ፕላግ ገጠምን፣ ማሽኑን ደረቅ ቦታ አቆምን፣ ብሬከሩን መልሰን አነሳንና ማንም ሳይነካው ሰካነው። ጧ! ሞተሩን ሳናስነሳው ብሬከሩ ወደቀ። የጥበቃው ሰውዬ «ጭራሽ አበላሻችሁት!» አሉ። ጋሼ ግን ፊታቸው በራ። የወደቀው፣ የሚሾልክ ኮረንቲን የሚጠብቀው ኤርዝ ሊኬጅ የሚባለው ነው፤ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ። ቻርልስ ዳልዚል የተባሉ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር በፈቃደኞች ላይ ለክተው እንዳሳዩት፣ ከ10 እስከ 16 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ይጨመደድና ሰው የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። እኛ ግን ብሬከሩ ሲወድቅ የሚከለክለን መስሎን ደጋግመን እናነሳዋለን እንጂ፣ የሚነግረንን አንሰማውም።

እንደገና ነቀልነው። ጋሼ ቴስተራቸውን አውጥተው በፕላጉ እግርና በግራውንዱ መካከል ለኩ፦ 5,000 ኦም። ጤነኛ ማሽን ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር መነበብ ያለበት። ሒሳቡን ወረቀት ላይ አሳዩኝ፤ 220 ቮልት ለ5,000 ሲካፈል 44 ሚሊ አምፔር። ብሬከሩ ልክ ነበር።

ሁሉም ሞተሩን ጠረጠረ። ጋሼ የሞተሩን ሽቦ ነጥለው እጀታው ላይ ያለውን የማብሪያ ሳጥን ብቻውን ለኩት፤ ንባቡ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ነፃ ወጣ። ሳጥኑን ሲከፍቱት፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተቀዷል፤ ውስጡ እንደ ጨው የጋገረ ነጭ የሳሙና ዝቃጭ ከሽቦው ማሰሪያ ተነስቶ እስከ ብረቱ ድረስ ድልድይ ሠርቷል፣ ላዩ ገና እርጥብ ነው። መስመሩ ከስዊቹ በፊት እዚያ ስለሚደርስ ነው ለካ ማሽኑ ጠፍቶም የሚነዝራቸው። ማሽኑ ሲቆሽሽ በጎማ ውሃ ይታጠብ እንደነበረ የሰማነው በኋላ ነው።

ጠርገን፣ አድርቀን፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየርን። በማግስቱ ሜገር በሚባለው የ500 ቮልት መለኪያ ተለካ፤ ቴስተር የባትሪ ጉልበት ብቻ ስላለው ለመጨረሻው ምስክርነት አይበቃም። ከ20 ሜጋ ኦም በላይ አነበበ። ብሬከሩም ሳይወድቅ ቆየ።

ማታ እትዬ እጀታውን ከመጨበጣቸው በፊት ጋሼ የብሬከሩን መሞከሪያ ቁልፍ አሳዩዋቸው። ተጫኑት፣ ወደቀ፣ መልሰው አነሱት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ ራሳቸው ይጫኑታል።

እናንተም ቤት ወይም መሥሪያ ቤት «ይነዝረኛል» የሚል ሰው ካለ፣ ጫማ አትፈልጉለት። ማሽኑን ንቀሉና ፕላጉን ፈትታችሁ እዩ።