ከመጫወቻ ሱቅ የተነሳው የጦር አውሮፕላን

ሬጂናልድ ዴኒ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ሰውን በሳቅ ያንፈራፍር የነበረ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ሮያል ፍላይንግ ኮር ውስጥ አገልግሏል፤ ሆሊውድ ገብቶ ዝነኛ ከሆነ በኋላም አውሮፕላን ማብረሩን አልተወም። በ1930ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ ሱቅ ከፈተ። የሚሸጠው ሞዴል አውሮፕላን ነበር፤ «ዴኒፕሌን» የሚባል ተገጣጣሚ፣ ከእሱም ጋር ዋልተር ራይተር የነደፋት «ዴኒማይት» የምትባል ትንሽ የቤንዚን ሞተር። ደንበኞቹ ልጆች ነበሩ፤ በልጆቻቸው ስም ለራሳቸው የሚገዙ አባቶችም አይጠፉም።

ከዚህ ሱቅ በተነሳው ሥራ የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 15,000 የሚጠጉ በሬድዮ የሚታዘዙ አውሮፕላኖችን ተረክቧል።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከማሪሊን ሞንሮ ነው። ኖርማ ጂን ዶኸርቲ የምትባል፣ ባሏ በንግድ መርከብ ባሕር ላይ የዋለባት ወጣት፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቫን ናይስ በነበረው የዴኒ ፋብሪካ «ራዲዮፕሌን» ተቀጥራ ፓራሹት ትመረምር፣ የአውሮፕላን አካል ላይ ቅብ ትረጭ ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ዴቪድ ኮኖቨር የተባለ የጦሩ ፎቶ አንሺ መጣና አነሳት፤ የሞዴልነትና የፊልም ሕይወቷ ከዚያ ተጀመረ። ፎቶ አንሺውን የላከው ደግሞ ያኔ ሻምበል፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ልጅቷን ሲያይ በእጇ የያዘችውን ፕሮፔለር የሚያይ ጠፋ። የእኔ ጉዳይ ከፕሮፔለሩ ጋር ነው።

ጦሩ ምን ቸግሮት ነው ወደ መጫወቻ ነጋዴ የመጣው? የፀረ አውሮፕላን መድፍ ተኳሾች ይለማመዱ የነበረው አንድ አውሮፕላን በረጅም ገመድ በሚጎትተው የጨርቅ ዒላማ ላይ ነበር። ጎታቹ ውስጥ ሰው አለ፤ ስለዚህ በቀጥታ መስመር፣ በዝግታ፣ በጥንቃቄ ነው የሚበረው። ጠላት እንደዚያ አይመጣም። እንግሊዞች በ1935 ለታይገር ሞዝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን «ኩዊን ቢ»ን ያለ አብራሪ በሬድዮ አብርረው መፍትሔ አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ አውሮፕላን ሠርቶ መትቶ መጣል ኪስ ያራቁታል።

ዴኒ ያመጣው መልስ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ሒሳብ ነው። ኦኪው-2ኤ የተባለው የእሱ አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.7 ሜትር ነበር። የዚያ ዘመን እውነተኛ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ወደ 11 ሜትር ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትንሹ በ500 ሜትር ርቀት ሲያልፍ ለተኳሹ ዓይን በ1,500 ሜትር የሚያልፍ ትልቅ ተዋጊ ይመስላል። ፍጥነቱም አብሮ ይባዛል፦ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር የሚበረው፣ መድፉን ለሚያዞረው ሰው በሰዓት 410 ኪሎ ሜትር እንደሚበር ሆኖ ይታያል። ስድስት የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር የሺህ ፈረስ ጉልበትን ሥራ ሠራች። ክብደቱ 47 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ከማስወንጨፊያ ይነሳል፣ ካልተመታ በፓራሹት ይወርዳል፣ ተጠግኖ በማግስቱ ይመለሳል። በአፍንጫው ላይ በአንድ ዘንግ ሁለት ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከሩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀላል አካል የአንዱን ፕሮፔለር ጥምዘዛ ብቻውን መቋቋም ስለሚከብደው ሌላው ያጣፋለታል። ጦሩ ውሉን የፈረመው በ1940 ነው።

በዚያው ዘመን ከካሊፎርኒያ ርቆ፣ በሚሺገን ግዛት ካላማዙ ከተማ፣ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች በገዛ እጃቸው ሌላ አውሮፕላን ሠርተው ነበር። አንዱ የፊዚክስ ተማሪ፣ ሌላው የአማተር ሬድዮ ሰው። «ገፍ» ብለው የሰየሟት አውሮፕላን ክንፏ 2.4 ሜትር ሲሆን በ1937 በሬድዮ ታዝዛ በረረች፤ በ1938ም ብሔራዊውን ውድድር አሸነፈች። ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ናት።

የዚያን ጊዜ የአማተር ሬድዮ ምን ያህል ደካማ እንደነበር ዛሬ መቆጣጠሪያ ይዞ ለሚጫወት ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ሬድዮው ለአውሮፕላኑ ሊነግረው የሚችለው «አለሁ» ወይም «የለሁም» ብቻ ነው። በአካሉ ውስጥ የተጠመዘዘ ላስቲክ ይዘረጋል፤ ምልክቱ በደረሰ ቁጥር አንዲት ጥርስ ትለቅና ላስቲኩ የጅራቱን መሪ አንድ እርምጃ ያዞረዋል፦ ቀኝ፣ መሐል፣ ግራ፣ መሐል። ከታች ቆሞ ቁልፍ የሚጫነው ሰው መጨረሻ ላይ የዞረው ወዴት እንደነበር ከረሳ፣ ቀኝ ሲፈልግ ግራ ያገኛል። ላስቲኩ ተፈትቶ ካለቀ ደግሞ አውሮፕላኑ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ጦርነቱ ሲመጣ ዋልተር ጉድ የተሰማራው በቅርበት ፈንጂ ቀስቃሽ (ፕሮክሲሚቲ ፊውዝ) ምርምር ላይ ነው። ይህ በመድፍ ጥይት አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ሚጢጢ ሬድዮ ነው፤ ጥይቱ አውሮፕላን አጠገብ መድረሱን ራሱ ለይቶ ይፈነዳል። ነገሩን ልብ በሉ። የአንዱ ሞዴል ሠሪ አውሮፕላን መድፈኞቹ የሚለማመዱበት ዒላማ ሆነ፤ ሌላው ሞዴል ሠሪ መድፈኞቹ የሚተኩሱትን ጥይት ብልህ አደረገው። ትንሽ፣ ቀላል፣ ንዝረት የሚችል ሬድዮ መሥራት ሁለቱም ጋ የተፈለገ ሙያ ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ይህን ሙያ ሲፈትኑ የኖሩት እሑድ እሑድ ሜዳ የሚወርዱት ሰዎች ናቸው።

ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ተከታዮች አቅጣጫውን ገልብጠውታል። በአሜሪካና በአውሮፓ የጦርነቱን አውሮፕላኖች በሩብ ወይም በሲሶ መጠን፣ ያለ ተገጣጣሚ ሳጥን፣ ከንድፍ ተነስተው የሚሠሩ አሉ። ለዚህ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ከዛፍ መቁረጫ መጋዝ የተወሰደ የቤንዚን ሞተር መሆኑ ያስቃል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር የሚያነሳ ርካሽ ጉልበት አልነበረም።

የእንግሊዞቹን ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየርን በሩብ መጠን ለመሥራት ተነሱ እንበል። ክንፉ 2.8 ሜትር ይሆናል። የክንፉ ስፋት ግን ወደ ሩብ አይወርድም፤ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው የሚወርደው። ክብደቱ ደግሞ ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ። የመጀመሪያው ስፒትፋየር ጭነቱን ይዞ ከ2,600 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ስለነበር፣ ሒሳቡ ከ40 ኪሎ በላይ ይሰጣችኋል። የአሜሪካ ሞዴል አብራሪዎች ማኅበር ለመደበኛ አባል የሚፈቅደው 25 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ልዩ ፍተሻ አለው። ስለዚህ ሠሪው ከእውነተኛው መሐንዲስ በባሰ ለግራም ይሟገታል፦ ከኢኳዶር የሚመጣው ባልሳ እንጨት እየተመዘነ ይመረጣል፣ ኮምፔንሳቶው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፣ ላዩ በስስ ፋይበር ግላስ ይለበጣል። (ባልሳ የመጫወቻ ዕቃ ነው የሚል ካለ፣ የእንግሊዞቹ ሞስኪቶ ቦምብ ጣይ አካሉ በሁለት የበርች ኮምፔንሳቶ መሐል ባልሳ የተጣበቀበት እንደነበር ይወቅ።)

እንዲህ ሲቆጥብ ከርሞ ታዲያ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ይጨምራል! የእውነተኛው ስፒትፋየር ሞተር፣ መርሊን፣ ከ600 ኪሎ በላይ ነው፤ በስልሳ አራት ሲካፈል ወደ አሥር ኪሎ። የሞዴሉ ሞተር ከሦስትና ከአራት ኪሎ አይበልጥም። የስፒትፋየር አፍንጫ ከረጅም ጅራቱ አንፃር አጭር ስለሆነ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ የጎደለው በብረት ይሞላል። ልምድ ያለው ሰው ስለዚህ ከጅራት ይጀምራል፤ እዚያ የተረፈች እያንዳንዷ ግራም ፊት ላይ ብዙ እርሳስ ታስቀራለች።

ክንፉም የራሱ ምስጢር አለው። ስፒትፋየር ክንፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ታች ይጠማዘዛል፤ ፍጥነት ሲያልቅ ሥሩ ቀድሞ እንዲከዳና ጫፉ አብራሪውን እስከ መጨረሻው እንዲታዘዝ ነው። ዓይን አያየውም። ይህን ጥምዝ ንቆ ክንፉን ቀጥ አድርጎ ያጣበቀ ሰው፣ የአንድ ክረምት ሥራው ሊያርፍ ሲቃረብ አንድ ጎኑ ወድቆ ሊሰበርበት ይችላል። በነጭ ኮላ ጠብታ አንድ በአንድ የሚሠሩት ሪቬቶች፣ የጭስ ማውጫው ጥላሸት፣ የተላጠው ቀለም ለተመልካች ናቸው። እኔ የማደንቀው የማይታየውን ሁለት ዲግሪ ተኩል ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አልፈታውም። በሩብ መጠን የተሠራ አውሮፕላን ለዓይን እውነተኛ እንዲመስል በሩብ ፍጥነት መብረር አለበት፤ በትክክለኛው የሞዴል ክብደት ግን አየር ላይ የሚቆየው በግማሽ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የቸኮለ ይመስላል። ለዴኒ ይህ ችኮላ ሀብቱ ነበር፤ ለዛሬዎቹ ዕዳ ነው። የፊልም ሰዎች ካሜራውን በእጥፍ ፍጥነት እየቀረጹ በዝግታ በማሳየት ያመልጡታል።

ዴኒ ኩባንያው በ1952 ወደ ኖርዝሮፕ ከዞረ በኋላም ትወናውን ቀጠለ፤ በ1966 ባትማን ፊልም ላይ ይታያል። በ1967 በተወለደባት ሪችመንድ ከተማ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት «ባትል ኦፍ ብሪተን» የተሰኘው ፊልም እንግሊዝ ውስጥ ሲቀረጽ፣ የሚበር የጀርመን ቦምብ ጣይ ስቱካ በዓለም ላይ አልተገኘም። ፕሮክተር የሚባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ክንፋቸውን ቆልምመው ስቱካ ለማስመሰል ሞከሩ፤ ሐሳቡ ተጣለ። በመጨረሻ የራዳር ጣቢያውን እያፏጩ ለመደብደብ የወረዱት በሬድዮ የሚታዘዙ ሞዴሎች ናቸው። ፊልሙ ዛሬም ይገኛል፤ ቸኩለው እንደሆነ አይቶ መፍረድ ይቻላል።