ስለ ሕዝብ መናገር፦ ከአንጾኪያ እስከ ዋግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጽጽቃም ሆነ በሰቆጣ ቅዳሴ ተፈጽሞ ምእመናን በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ጥላ ሥር ሲቀመጡ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቃል አለ፤ «እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ፖለቲካ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል። ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ፖለቲካ ሲባል በዓይናቸው የሚመጣው ሐሰት፣ ጎራና ደም ነው፤ በዋግ ኽምራ ተወልዶ ላደገ ሰው ደግሞ ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ጥቂት ቆይታችሁ ብታዳምጡ እነዚሁ ሰዎች ስለ ነጠፈው የውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ተፈናቃዩ ቀለብ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራሉ። ታዲያ ይህስ የማን ጉዳይ ነው?

መልሱን ከታሪክ እንፈልግ። ነቢዩ ናታን በንጉሥ ዳዊት ፊት ስለ አንድ ድሃ በግ የተናገረው፣ ኤልያስም ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ አክዓብን የወቀሰው ሥልጣን ፈልገው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ግን ቅዱስ ጳውሎስን ነው። ሐዋርያው በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊያሰናብቱት ቢልኩ አልወጣም አለ፤ ሮማዊ መሆኑን አስታውሶ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜም የዜግነት መብቱን ጠቀሰ፤ በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ለመከራ የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ሕግ ሲጣስ ግን ሕጉን ጠርቶ ተከራክሯል።

እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ387 ዓ.ም. በአንጾኪያ የሆነው ደግሞ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። የከተማዪቱ ሕዝብ በግብር መብዛት ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰበረ። ቅጣቱ ከተማዪቱን ሊያጠፋ እንደሚችል ሁሉም ዐወቀ፤ ከፊሉ ወደ በረሃ ሸሸ፣ የቀረውም ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ አረጋዊው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ በእርጅና ዘመናቸው ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ቁስጥንጥንያ ደረሱ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆመውም ስለ ሕዝባቸው ለመኑ። ገና ቄስ የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ዐቢይ ጾሙን ሙሉ በከተማዪቱ ቆሞ የተደናገጠውን ሕዝብ ሲያጽናናና ሲገሥጽ ሰነበተ። ከበረሃ ዋሻዎቻቸው የወረዱ መነኮሳትም በዳኞቹ ፊት ቀርበው ለታሰሩት ማለዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ይቅርታ አደረገ። ልብ በሉ፤ ፍላብያኖስ ሐውልት መስበርን አልደገፉም፤ ጥፋቱን ጥፋት እያሉ ስለ ጥፋተኛው ማለዱ እንጂ። ዛሬ በመካከላችን የጠፋው ሰው እንዲህ ያለው ይመስለኛል፤ ወይ ከወገኑ ጋር ሁሉን ይደግፋል፣ ወይ ሁሉን ትቶ ዝም ይላል።

በሀገራችንም ቢሆን አባቶች ከቤተ መንግሥት ፊት የቆሙት በምስጋና ብቻ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገናናው ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከክርስቲያናዊው የጋብቻ ሥርዓት በወጣ ጊዜ፣ ገድላት እንደሚተርኩት፣ የደብረ አስቦው አቡነ ፊልጶስ፣ አቡነ አኖሬዎስ፣ አባ በጸሎተ ሚካኤልና ሌሎችም ፊት ለፊት ገሠጹት። ተገረፉ፤ ተጋዙም። ሊያዋርዳቸው የታሰበው ስደት ግን ወንጌልን ወደ ሩቅ አውራጃዎች የሚያደርስ መንገድ ሆነ። እነዚህን ቅዱሳን በበዓላቸው እናከብራቸዋለን፤ ገድላቸው ሲነበብም እንሰማለን። ሆኖም ስለ ምን እንደ ተገረፉ የምናስተውል ስንቶቻችን ነን?

ወደ ዋግ እንመለስ። በትውፊት እንደሚነገረው የዛጔ መንግሥት ሲያልፍ በተደረገው ስምምነት የዋግ ሹሞች በንጉሡ ፊት በዙፋን ተቀምጠው የመነጋገር ክብር ተሰጥቷቸው ነበር። ይህ የመኳንንት ክብር ነው፤ ተራው ገበሬ አልቀመሰውም ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ከዚህ ቤት የተወለዱት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ግን ክብራቸውን በሌላ መንገድ አሳዩ፤ በወራሪው ፋሺስት ላይ በተነሣው ዐመፅ መሪ ሆነው በ1930 ዓ.ም. መባቻ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ በአደባባይ ታየ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆነዋል። በዚያው ዘመን አብረዋቸው ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል ከወራሪው ጋር የተስማሙ አባት እንደ ነበሩም ታሪክ መዝግቧል። ያም ቢሆን «ፖለቲካ አይመለከተኝም» በሚል የሚሸፈን አልነበረም፤ በእንዲህ ያለ ቀን ዝምታም መስማማትም ወገን ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ታሪክ እገባለሁ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ዋግ ያን ጊዜ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። ረኃቡ ከሰማይ ዝናብ መጥፋት ጀመረ፤ ሰውን የጨረሰው ግን መሰወሩ ነው። የመንግሥቱ ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ ነገሩ ተሸፈነ፤ ባለ ሥልጣኑ ለበላዩ የሚያስደስተውን ብቻ ላከ። ከዩኒቨርሲቲው የሄዱ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለተማሪዎች አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጉዳዩን ለዓለም ገለጠ። እስከዚያ ድረስ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ከዐሥር ዓመት በኋላም ያው ተደገመ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር፣ ከዋግ በእግሩ የወጣ ሕዝብ በኮረም ሜዳ ላይ ይረግፍ ነበር። ይህንንም ለዓለም ያሰማው በጥቅምት ወር የመጣ የውጭ ካሜራ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ በእነዚያ ዓመታት በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ማን እንደ ሞተ ከካህኑ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፍትሐት የሚያደርሰው እርሱ ነውና። ከየአጥቢያው የሙታንና የተራቡት ስም ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ አንድ ሆኖ ወደ ላይ ቢደርስ ኖሮ መሸፈን ይቻል ነበር? አባቶቻችንን ልከስስ አይደለም፤ ራሳቸውም የተራቡ ነበሩና።

በዚያው በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የሰበካ ጉባኤ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ታወጀ። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በምርጫ ተወክለው በአንድ ጉባኤ የሚቀመጡበት ሥርዓት ነው። በረኃቡ ዓመት የተወለደ ጉባኤ! ይህን መሣሪያ የጣሪያ ቆርቆሮ ለመቁጠር ብቻ ማዋላችን ይገርመኛል።

በቅርቡ ያየነውም አለ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ በሐሮ በዓለ ወልድ የ26 «ኤጲስ ቆጶሳት» ሹመት በተፈጸመ ጊዜ ቅዱስ ሲኖዶስ ጥር 18 ቀን አወገዘ፤ ምእመናን የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰው ጾሙ፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ተወሰደ፤ ለየካቲት 5 ሰላማዊ ሰልፍ ተጠራ፤ ከመንግሥት ጋር ንግግር ሲጀመርም ሰልፉ ቆየ። በሻሸመኔ የወገኖቻችን ደም ፈስሷልና ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሆኖም ጾም፣ ክስ፣ ሰልፍና ድርድር በአንድነት ሲሄዱ አየን። ለራሳችን መዋቅር ይህን ያህል የቆምን ሰዎች ለተፈናቀለው ጎረቤታችንስ?

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ካህን የዓለም ሹመት እንዳይዝ የሐዋርያት ቀኖና ይከለክላል፤ ዐውደ ምሕረትም የፓርቲ መድረክ አይደለም። ምእመን ግን ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ እንጂ አማኙን ከዜግነቱ አላወጣውም፤ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብና በሰላም የመሰብሰብ፣ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ይሰጣል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የልማት ዕቅድ ላይ ሐሳቡ ሊጠየቅ እንደሚገባ ተጽፏል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በአጥቢያህ በሚመጣው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ እጅህን አንሣ። ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚኬድ፣ ስንት ቤተ ሰብ ከቀለብ መዝገብ እንደ ወጣ፣ ስንት ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ በቤት ለቤት ይቆጠር፤ የሌላ እምነት ጎረቤትም አብሮ ይቆጠር፤ ጥማቱ አንድ ነውና። የተጋነነ ቁጥር አይግባበት። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ ቀንና ቁጥር ይኑረው፤ ቅጂው በአጥቢያው መዝገብ ይቀመጥ። መልስ ካልመጣ ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሳችሁ ሁለተኛውን ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።